ለሁለት ሰው የጻፍኩት ደብዳቤ

መጀመሪያ ያየሁት ክላሰር በጥርሱ ነክሶ ሲገባ ነው። ሁለት እጆቹ እስከ ክርኑ ድረስ ጥቁር ናቸው። መናገር ስላልቻለ በዓይኑ ወደ ክላሰሩ ይጠቁመኛል።

«ምን ልርዳህ?» አልኩት።

«እምም!» አለ።

ከጥርሱ ላይ ስቀበለው ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

«ይቅርታ እህቴ፣ ጎሚስታ ነኝ። ጎማ ስጠግን ውዬ ነው የመጣሁት። በዚህ እጄ ከነካሁት የትምህርት ማስረጃነቱ ያበቃለታል።»

«ጥርስህስ ታጥቧል?»

«ዛሬ ጠዋት!» አለና እሱም ሳቀ።

የምሠራው ኮፒ ቤት ነበር። ኮፒ አደርጋለሁ፣ ስካን አደርጋለሁ፣ ከሁሉም በላይ ግን ለተማሪዎች የስኮላርሺፕ ማመልከቻ እሞላለሁ። «የእሷ ደብዳቤ ድንጋይ ያስለቅሳል» ይሉኛል፤ እኔም ስባል ደስ ይለኛል። ጉራዬ ያኔ ለብቻው ወንበር ያስፈልገው ነበር።

ሌላው ደንበኛ ማመልከቻው ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩት ነው እየተሯሯጠ የሚመጣው። ጎሚስታው ግን ደብተር ነበረው። ገጹን በማስመሪያ ከፋፍሎ የስኮላርሺፑን ስም፣ የሚዘጋበትን ቀን፣ የሚጠይቀውን ማስረጃና የሚሸፍነውን ወጪ ጽፎበታል።

«ይሄኛውን ለምን ሰረዝከው?»

«የትምህርቱን ብቻ ነው የሚከፍለው። የቤት ኪራዩንና የምግቡን አይችልም። እሱን ራሴ ለመሙላት አራት ዓመት ቆጠብኩ፤ ገና ነኝ።»

«ይሄ የተከበበውስ?»

«እሱ ሁሉንም ይችላል። ግን ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የሆነውን አይቀበልም። ዘንድሮ ካለፈኝ... አለፈኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራውን ሲጨርስ መምጣት ለመደ። እጁን በሳሙና ፈትጎ ፈትጎ ጣቶቹ ቀልተው ይመጣል። ለዚያ ለተከበበው ስኮላርሺፕ ስለራሱ የሚናገር ደብዳቤ ያስፈልገው ነበር። ሦስት ጊዜ ጻፍኩለት፣ ሦስቱንም ቀደድኩት።

«እነዚህ የማንም ደብዳቤዎች ናቸው። ያንተን ንገረኝ» አልኩት።

ወንበሩን ወደ እኔ ሳበና ሌላ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እናቴ ማንበብ አትችልም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ልብስ እያጠበች፣ ‹እስቲ የተማርከውን አንብብልኝ› ትለኛለች። ሳነብላት፣ ‹አልገባኝም፣ ድገመው› ትላለች። እኔ እንድይዘው ነበር የምታስደግመኝ...»

«ጎበዝ እናት!»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ስምንተኛ ክፍል ሆኜ ለወላጆች ስብሰባ መጣች። የሥራ ሽርጧን እንኳን አላወለቀችም። ልጆቹ ‹ማናት?› ሲሉኝ፣ ‹ጎረቤታችን ናት› አልኳቸው። ሰምታኛለች። አስተማሪዬ የእኔ ምን እንደሆነች ሲጠይቃት ምን አለች መሰለሽ? ‹ጎረቤቱ ነኝ። እናቱ አሟት ነው።›»

እንባው በፊቱ ላይ ወረደ። እጁን ያዝኩት። የመጀመሪያ ጊዜያችን ነበር።

«እስከ ዛሬ አንስታብኝ አታውቅም። እኔም ለማንም ተናግሬው አላውቅም።»

«እንጻፈው?»

«የስኮላርሺፑ ኮሚቴ ብቻ ነው የሚያየው?»

«ኮሚቴው፣ አንተና እኔ። ሌላ ማንም!»

በአንድ ቁጭታ ጻፍኩት። አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«አንቺ ልጅ... አገባሻለሁ።»

«መጀመሪያ ተማር!»

«ተምሬ አገባሻለሁ» አለና ደብተሩን ገልጦ የእኔን ስም ከስኮላርሺፖቹ በታች ጻፈው። የሚዘጋበት ቀን በሚለው ስር ደግሞ «የለውም» ብሎ ሞላ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የእሱን ማመልከቻ ከቀኑ አስቀድመን ላክን። በመዝጊያው ቀን ግን ሰልፉ ከኮፒ ቤቱ በር አልፎ መንገድ ላይ ወጥቷል። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይጠፋል። አንዲት ልጅ ተራዋ ደርሶ ፊቴ ቆመች።

«እህቴ፣ ደብዳቤ አያይዢ ይለኛል። ደብዳቤ የለኝም!»

ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል።

«በእናትሽ! ይሄ ካመለጠኝ አበቃልኝ፣ ቤት መቀመጤ ነው...» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

ኮፒ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ የድሮ ፋይል ከፍቶ ስም መቀየር የዕለት ተዕለት ሥራችን ነው። እጄ ራሱ የእሱን ደብዳቤ ከፈተው። መግቢያውን ብቻ ልወስድ ነበር። ከዚያ ሰዓቱን አየሁ። ስሙን ቀየርኩ፣ ስለ ጎማ የሚያወራውን መስመር አጠፋሁ፣ ላክሁት። ሦስት ደቂቃ ሲቀረው!

ልጅቷ አገላብጣ ሳመችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ? ጽድቅ እንደሠራ ሰው ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለእሱም ሳልነግረው ቀረሁ። ሁለቱም ለቃለ መጠይቅ ተጠሩ ሲባል ደግሞ ይባስ ብዬ በእጄ ኮራሁ።

የቃለ መጠይቁ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ። ኮት ተውሶ ለብሷል። በሩ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

«እንዴት ነበር?» አልኩት እየሳቅኩ።

«ከእኔ በፊት የገባችው ልጅም እናቷን ‹ጎረቤታችን ናት› ብላለች አሉኝ።»

ሳቄ ፊቴ ላይ ደረቀ።

«ከጠያቂዎቹ አንዱ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ‹ለመሆኑ ይህቺ እናት የማን ናት?› አለኝ። አጠገቡ ያሉት ሳቁ።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«‹የእኔ ናት!› አልኳቸው። በሰው ፊት የእኔ ናት ስል የመጀመሪያዬ ነው... አላመኑኝም።»

«ስማኝ...»

«ሸጥሽው?»

«አልሸጥኩም! በፈጣሪ ስም አልሸጥኩም! ልጅቷ አለቀሰች፣ ሰዓቱ ደግሞ...»

«በነጻ ሰጠሻት ማለት ነው» አለና ዞሮ ሄደ።

ስደውል አያነሳም። ጎሚስታ ቤቱ ሄድኩ፤ ሲያየኝ መኪና ስር ገባ። እግሮቹን እያየሁ ብዙ ለመንኩ፤ መፍቻው ብቻ ነበር የሚሰማው። በማግስቱ ለስኮላርሺፑ ድርጅት ደብዳቤ ጻፍኩ። የማንንም ሰው ታሪክ ሳልዋስ ያደረግሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ዘረዘርኩ፤ ፋይሉ መጀመሪያ የተጻፈበትንም ቀን አያያዝኩ።

ድርጅቱ አለቃዬ ጋ ደወለ። አለቃዬ የኮፒ ቤቱን ቁልፍ ተቀብሎኝ፣ «እጅሽ ጥሩ ነበር፣ ጭንቅላትሽ ነው እንጂ» ብሎ አሰናበተኝ። ልጅቷ ተሰረዘች። ቤቴ ድረስ መጥታ፣ «አልቅሼ ለመንኩሽ እንጂ ሌባ አድርጊኝ አላልኩሽም» አለችኝ።

ከሁለት ወር በኋላ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት እሱ ነው። ሻንጣ ይዟል።

«እንደገና ጠርተው ጠየቁኝ። አለፍኩ» አለኝ።

«ሰማሁ። እንኳን ደስ አለህ...»

«የጻፍሽላቸውን አነበቡልኝ። ሥራሽን እንዳጣሽም ሰምቻለሁ። አመሰግናለሁ።»

«ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ። ከልቤ ነው የምልሽ።»

«ታዲያ ግባ! ለምን በር ላይ ትቆማለህ?»

ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑ እንባ አቅሯል።

«ማለፌን የሰማሁ ቀን መጀመሪያ ላንቺ ልነግርሽ ስልኬን አነሳሁ። ከዚያ፣ ‹የቱን ልንገራት፣ የቱን ልተው?› እያልኩ መምረጥ ጀመርኩ። ከሚስቴ ጋር እየመረጥኩ ማውራት አልችልም።»

«እጠብቅሃለሁ! አራት ዓመት ምን አላት?»

«አትጠብቂኝ።»

«እወድሃለሁ እኮ!»

«አውቃለሁ። እኔም ገና አልወጣልኝም... ግን አትጠብቂኝ።»

ልቤ ቁርጡን አወቀ። ቢሆንም ትንሽ እንዲቆይልኝ ፈለግሁ። ምን ብዬ እንደማቆየው ጠፋኝና ያው ስለ እናቱ ጠየቅሁት።

«እናትህ እንዴት ሆነች? ማለፍህን ስትነግራት ምን አለችህ?»

በፊት በፊት እንዲህ ብዬ ስጠይቀው ተቀምጦ፣ የተናገረችውን በእሷው ድምፅ አስመስሎ፣ እየሳቀና እያለቀሰ ይነግረኝ ነበር። አሁን ግን አፉን ከፈተ፣ ትንሽ አሰበ፣ መልሶ ዘጋው።

«ደህና ናት» አለኝ።

ሻንጣውን አንስቶ ደረጃውን ወረደ።