ከላሙ እስከ ዊልሰን ሠላሳ አምስት ደቂቃ

ገብሬን ኢምባካሲ ሰፈር ባለው የመኪና ዕቃ መጋዘኑ ውስጥ ሞቶ ያገኙት ጋሽ ክፍሎም ነበሩ። እሑድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ራሱን በብረት ተመትቷል።

ፖሊስ ሬሳውን ያገኙትን ጋሽ ክፍሎምን ያዘ። ሰባ ዓመት የሞላቸው የአስመራ ሰው ናቸው፤ መጋዘኑን ሃያ ዓመት ጠብቀዋል።

ሰኞ ጠዋት የገብሬ ሚስት ብዙነሽ ጣቢያው ገባች። ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ነው።

«ጋሽ ክፍሎምን ልቀቋቸው። ከቀብሩ እንዳይቀሩ። የባሌን ወንድም ሕዝቅያስን ጠይቁ።»

«ማዳም፣ እሱ ከዓርብ ጀምሮ ላሙ ደሴት ነበር» አለ ኢንስፔክተር ሙቲሶ።

«ትናንት ሁለት ሰዓት ላይ ደወልንለት። መርዶ በስልክ አይነገርምና ‹ገብሬ አሞታል፣ ና› ብቻ አልነው። ላሙ ነኝ አለ። አራት ሰዓት ላይ ሳውዝ ሲ ሰፈር ያለው ቤቴ ገብቶ ደረቱን ይደቃል!»

ኢንስፔክተሩ ስልኩን አዞረላት። ከላሙ እስከ ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ፣ 467 ኪሎ ሜትር። የበረራ ጊዜ፣ 35 ደቂቃ።

«ይደርሳል» አለ።

«በትልቅ ጄት ነዋ! እዚያ የሚያርፈው ባለ ፕሮፔለር ነው፤ አሥራ ሁለት ሰው የሚጭን። በፋሲካ ሄደንበታል። መንገድ ላይ ማሊንዲ አርፎ ሰው ይጭናል። በረራው ብቻ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ከከተማው እስከ ማረፊያው ደግሞ በጀልባ!»

«ስልኩ እኮ...»

«ስልኩ ማሊንዲ ላይ ተቀምጦ ጠብቆ ያውቃል?»

ሕዝቅያስ የአስከሬን ወረቀት ሊፈርም ውጭ ቆሞ ነበር። ተጠራ።

«ትናንት እንዴት መጣህ?»

«በመጀመሪያው አውሮፕላን። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ናት።»

«የት አረፋችሁ?» አለች ብዙነሽ።

«የትም። ቀጥታ ነው። ምነው እትዬ፣ አንቺም ፖሊስ ሆንሽ?»

ሙቲሶ ትናንት መደወል የነበረበት ቦታ ዛሬ ደወለ። የአየር መንገዱ ቲኬት ቢሮ መለሰለት። የእሑድ የመጀመሪያው በረራ ከላሙ የተነሣው በአምስት ሰዓት ነው። ሕዝቅያስ የሚባል ተሳፋሪ የለም።

ሕዝቅያስ ሳይጋበዝ ወንበር ላይ ተቀመጠና እውነቱን አወጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት ገብሬ፣ ሕዝቅያስ በገብሬ ስም ያስገባውን የሐሰት የፍሬን ሸራ አገኘ። «ሰው ልትገድል ነው፤ ሰኞ ለፖሊስ አስረክባለሁ» አለው። ሕዝቅያስ ብረት አነሣ። ከዚያ እዚሁ ከተማ፣ ፓርክላንድስ ሰፈር ተደበቀ እንጂ ላሙን አላያትም።

«ታዲያ ለምን እስከ ከሰዓት አልቆየህም?» አለ ሙቲሶ።

«የሟች ወንድም ከለቅሶው ቢዘገይ ሰው ምን ይላል? ስልኬ ላይ አየሁ። ይደርሳል ይላል።»

«ሁለታችሁም ያመናችሁት ያንኑ የስልክ ገጽ ነው!» አለች ብዙነሽ። «በሉ፣ ጋሽ ክፍሎምን።»

«መልቀቂያውን የሚፈርመው ኃላፊው ነው። ምናልባት ነገ...»

«እንግዲያው ሬሳው እዚህ ይምጣ። እዚሁ እናለቅሳለን።» መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ሙቲሶ ወደ ኃላፊው ደወለ።

ስምንት ሰዓት ላይ ጋሽ ክፍሎም ወጡ። ቀበቷቸውን ወስደውባቸው ሱሪያቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«ብዙነሽ ልጄ፣ አላለቀስኩለትም እኮ። ባለቅስ ዝም በል ይሉኛል።»

«አሁን ያልቅሱ፣ ጋሼ።»

ሱሪያቸውን በአንድ እጅ እንደያዙ በሌላው ደረታቸውን መቱ። ዘበኛው እዚህ ጩኸት ክልክል ነው አለ። የሰማው አልነበረም።