የታጠበ እንጨት

አባት ናፍጣ ነጋዴ፣ ልጅ እንጨት አንዳጅ! በዚያ ቤት ሰላም ይወርዳል ብሎ የጠበቀ ሰው ካለ፣ ሁለቱንም አያውቃቸውም ማለት ነው።

መንደሯ ከዋናው መንገድ ሁለት ቀን ታስኬዳለች። ክረምት በገባ ቁጥር ድልድዩ ይሰበራል፣ የናፍጣው መኪና ይቀራል፣ ክሊኒኩም ወፍጮውም ጨለማ ይውጣቸዋል። በተረፈው ጊዜ የሚነግሠው የአባትየው ጄኔሬተር ነው። ነዋሪው ተማክሮ በእንጨት እሳት ውሃ የሚያፈላና በእንፋሎቱ መብራት የሚያመነጭ ማሽን ሲያስመጣ ነገር ከረረ። ይባስ ብሎ ማሽኑን እንድታንቀሳቅስ የተቀጠረችው የገዛ ልጁ ሆነች። ከተማ ልኮ ሞተር ያስተማራት ራሱ ነበር፤ ለጄኔሬተሩ ትሆነኛለች ብሎ።

ልጅቷ እሳት የላሰች ናት። ቁመቱን አይቶ መንደሩ «ግንዲላ» ያለውን እንጨት አቅራቢ ገና በመጀመሪያው ቀን ከነጋሪው መለሰችው።

«አፈር አለው። አፈሩ ይቀልጥና ምድጃው ላይ እንደ ድንጋይ ይጋገራል።»

«እንጨት የሚበቅለው እኮ አፈር ላይ ነው፣ እህቴ።»

«እኔ የምፈልገው እንጨቱን ነው። አፈሩን እዚያው ተውልኝ።»

በማግስቱም መለሰችው። በሦስተኛው ቀን እያንዳንዱን ፍልጥ በብሩሽ ጠርጎ መጣ፤ መዳፉ ተልጦ ነበር። እሷ መዳፉን አየች፣ እሱም ማየቷን አየ። ከዚያ ወዲህ ከጫካው የወደቀውንና የተጨናነቀውን ብቻ እንደሚቆርጥ፣ በአንድ ዛፍ ፋንታ ሦስት ችግኝ እንደሚተክል ሲያወራላት እየሰማች ታመሻለች። ወደደችው፤ አልደበቀችም።

አባትየው ይህን ሲሰማ የመንደሩ ስብሰባ መሐል ብድግ አለ። «ይሄ ጢሳም ማሽን አንድ ቀን ሙሉ ሳይቋረጥ መብራት ከሰጠ ጄኔሬተሬን እዘጋለሁ፣ ልጄንም ለግንዲላ እድራለሁ! ካልሰጠ ግን ከምድጃውም ከእሱም እጇን ታነሳለች!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። እሷን የጠየቃት አልነበረም።

የሙከራው ቀን ጠዋት ግንዲላ አንገቱን ደፍቶ ከጋሪው ፊት ፊት መጣ። ከጋሪው ሥር ውሃ ይንጠባጠባል። ሦስት ወር ጥላ ሥር ያደረቀው እንጨት ነበር። እናቱ ከኋላ ይከተላሉ፤ ፊታቸው በደስታ በርቷል።

«ልጄን በአፈር ምክንያት ስንቴ መለስሽው! እሱ ችግኝ ሊተክል ጫካ ሲሰነብት፣ እኔና ጎረቤቶቼ ወንዝ ውስጥ ሦስት ቀን ዘፍዝፈን ፈተግንልሽ። እስቲ አሁን አፈር ፈልጊ!»

ልጅቷ የእርጥበት መለኪያዋን ፍልጡ ላይ ሰካች። ከሃያ አምስት በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ሃምሳ አለ። ሌላ እንጨት ደግሞ የለም።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ። እንዲህ የጸዳ እንጨት አይቼ አላውቅም» አለቻቸው። ይህ ውሸት አልነበረም።

ግንዲላ ጠጋ ብሎ «ቢጨስም ይነዳል። እስከ ማታ ብንገፋውስ?» አላት።

መግፋቱስ ይቻላል። ግን ጥቀርሻው ቧንቧዎቹን ይደፍንና ክረምት ሲገባ ማሽን የሚባል ነገር አይኖርም። ክብሪቱን ይዛ ቆመች። ካላነደደች እሱን ታጣዋለች፤ ሆኖም ክብሪቱን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

«ለሠርጌ ብዬ የክሊኒኩን መብራት አላጠፋም» አለችና ወደ ሕዝቡ ወጣች። «እንጨቱ ርጥብ ነው። ዛሬ አላነድም!»

አባትየው ሳቀ። «ቃል ቃል ነው። በይ እጅሽን አንሺ!»

«የማን ቃል ነው፣ አባዬ? የተወራረድከው አንተ፣ የተያዝኩት እኔ! ጄኔሬተርህን አስይዝ፣ ንብረትህ ነው። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

«ዓይንሽን በጨው ታጥበሽ ሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?»

«ያስያዝከኝም ሰው ፊት ነው።»

ከዚያ ወደ ግንዲላ ዞረች። «አንተስ? ውርርዱ ተበልቷል። ትሄዳለህ?»

«እኔ እንጨት ባልጭንም እመጣ ነበር» አለ።

በዚያው ሳምንት ሁለት ምስክር ይዘው የጋብቻ ውል ፈረሙ። የማሽን ቤቱንም ቁልፍ አልመለሰችም። አባትየው አልሰማሁም አለ፤ የነገሩትን ሁሉ አላውቅም እያለ ሸኛቸው። ባልና ሚስት ሦስት ሳምንት ፍልጡን ፀሐይ ላይ ሲገለብጡ ሰነበቱ፤ የግንዲላ እናትም ማንም ሳይጠራቸው አብረው ገለበጡ። አንድ ቀን ጠዋት መለኪያው አሥራ ዘጠኝ አለ። ለኮሰችው። ወፍጮው ሲፈጭ ዋለ፣ የክሊኒኩም መብራት አንዴ እንኳ ብልጭ ድርግም አላለም።

አመሻሹ ላይ አባትየው የክት ኮቱን ለብሶ በሯ ላይ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አሸንፈሻል። እኔም ቃሌን አላጥፍም፤ ፈቅጄልሻለሁ፣ አግቢው።»

እሷም እጇን በሽርጧ እየጠረገች፦

«ዘገየህ፣ አባዬ፤ ካገባሁት ሦስት ሳምንቴ ነው። ፈቃድህን ለራስህ አስቀምጠው። አማችህ ጓሮ እየፈለጠ ነው፤ መጥረቢያ ግን አንድ ተርፎናል» አለችው።

አባትየው የመጥረቢያ ድምፅ ወደሚሰማበት ጓሮ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ የኮቱን ቁልፎች መፍታት ጀመረ።