ይሄን ኮት የሰፋው ማነው?

አክስቴ ሰው ስታይ መጀመሪያ የምታየው ፊቱን አይደለም፤ ስፌቱን ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ እኔ ደግሞ እሷ ጋ አዝራር እተክላለሁ። ሊያገቧት የፈለጉ ሦስት ወንዶች በዚሁ አመሏ ሸሽተዋል። የመጨረሻው መምህር ነበር። አንድ ቀን ምስኪኑ ድፍረት አግኝቶ እጇን ሊይዝ ሲል «ቆይ፣ እጅጌህ ተተርትሯል» ብላ መርፌና ክር ይዛ መጣች። እጅጌው ተሰፋ። ሰውዬው እንደወጣ ቀረ።

አያቴ ታዲያ ለጉዞ ስንነሳ ጆሮዬን ይዛ «ሠላሳ አራት ዓመት ሞላት። እጇ ወርቅ ነው፤ ጠላቷ አፏ ነው። ወንድ ሲያናግራት ካየሽ እግሯን ርገጪልኝ» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ሥራ ማን እምቢ ይላል?

ከሠፈራችን ሰዎች ጋር በአውቶቡስ ድንበር ተሻግረን ነበር የሄድነው፤ ለሦስት ቀን ሽርሽር። ቋንቋቸውን ስለማናውቅ የምናወራው በእጅ ነው። እንቁላል ለመግዛት ሰው መሀል እንደ ዶሮ የጮኽኩትም እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን ሹፌራችን «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተዝናኑ፤ ከዚያ አንድ ደቂቃ ብታልፉ እዚሁ አገር ተድራችሁ ትቀራላችሁ!» ብሎ ለቀቀን።

አክስቴ በቀጥታ ወደ ልብስ ተራ ነዳችኝ። አንድ ሱቅ በር ላይ ኮት ያለበሷቸው ሰው የሚያካክሉ አሻንጉሊቶች ተደርድረዋል። እሷም እንደ ልማዷ የአንዱን ጫፍ ገለበጠች፣ የሌላውን ኮሌታ ጎተተች፣ መጨረሻ ላይ ካለው ግራጫ ኮት ስትደርስ ግን ፊቷ ተኮሳተረ።

«ነይ እዪልኝ! ይሄን ኮት የሰፋው ማነው? ገበሩን ተመልከቺው፤ እንደተኮራፉ ባልና ሚስት ለየብቻው ነው የሚሄደው። እኔ እጁ ይቆረጥ አልልም፤ ግን ዳግመኛ መርፌ እንዳይሰጡት!»

«ቸኩዬ ነው» አለ አሻንጉሊቱ።

እኔ «ወይኔ እናቴ!» ብዬ ቦርሳዬን ጣልኩ። አክስቴ የኮቱን ጫፍ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

ሰውዬው ለካ ሌሊቱን ሙሉ አውቶቡስ ላይ አድሮ፣ ጥላ ፈልጎ እዚያ ተጠግቶ፣ ቆሞ እንቅልፍ ወስዶት ነው። የአገራችን ሰው ነው። ከእኛ ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ የሚኖር ልብስ ሰፊ፤ የስፌት መኪና ዕቃ ሊገዛ የመጣ።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ሰው መሆንህን አላወቅኩም» አለች አክስቴ። እፎይ ልል ስል ቀጠለች፤ «ቢሆንም ገበሩ መፈታት አለበት።»

እግሯን ረገጥኩ። ሰውዬው ግን ሳቀ።

«ትከሻውስ?»

«ትከሻው ይሻላል።»

እሷ ጋ በሠራሁባቸው ሁለት ዓመታት «ይሻላል» ስትል ሰምቼ አላውቅም። እሱ ደግሞ በተራው ቀሚሷን ከላይ እስከ ታች አየና «የራስሽ ሥራ ነው?» አላት።

«ነው።»

«የሚያምር ሥራ ነው። የግራው እጅጌ ብቻ በአንድ ክር ያህል ይረዝማል።»

እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የአክስቴን ስፌት እስከዛሬ የነቀፈ ሰው የለም። እሷ ግን አልተቆጣችም። ግራ እጇን ቀስ ብላ ከኋላዋ ደበቀችው፤ ፊቷም ቀላ። ሁለቱም ይተያዩ ጀመር። መተያየቱ ስለረዘመብኝ «ራበኝ» አልኩ።

ዓሣ ቤት ገባን። ገና ሳህን ሳይቀርብ ሁለቱ በአንዴ ጎንበስ ብለው የጠረጴዛውን ልብስ ጠርዝ ሊያዩ ሲሉ ግንባር ለግንባር ተጋጩ። ከጠረጴዛው ሥር አይወጡም እንዴ? እዚያው ሹክሹክታ! አስተናጋጁ ዕቃ የጠፋባቸው መስሎት እሱም ገባ። ጠረጴዛው ላይ እኔ ብቻ ቀረሁ፤ ዓሣውም መጣልኝ።

ሲበሉ ሰውዬው ሹካውን አስቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስልክ ቁጥርሽን ብትሰጪኝ... ገበሩን ስፈታ ግራ ከገባኝ እንድጠይቅሽ።»

ምክንያት መሆኑ ለዓሣው እንኳ ይገባዋል። አክስቴ ምን አለች መሰላችሁ?

«ገበር መፍታትማ ተለማማጅም ያውቀዋል።»

እግሯን ለመርገጥ ዘገየሁ። የሰውዬው ፊት እንደ መብራት ጠፋ። «ልክ ነሽ» ብሎ ዳቦውን መቆራረስ ጀመረ። አክስቴም ያለችው ሲገባት አፏን በመዳፏ ያዘች፤ ግን ቃል አይመለስ። አራተኛው ሊሄድ ነው ማለት ነው። ይኼኛው ደግሞ የሚያሳዝነው፣ እሷም ወዳዋለች።

ከምሳ በኋላ ሦስታችንም ከዓሣ ቤቱ ፊት ለፊት ወዳለው ሐይቅ ስንወርድ በእግር የምትዘወር፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ጀልባ አየሁ።

«አክስቴ፣ እኔ ውሃ ያዞረኛል። እናንተ ሂዱ» አልኩ።

«መቼ ነው ደግሞ ውሃ ያዞረሽ?»

«አሁን ጀመረኝ።»

ገፋሁላቸው። አክስቴ የስፌት መኪና የለመደ እግር ነው ያላት፤ በእሷ በኩል ያለው ሲፈጥን፣ በእሱ በኩል ያለው ሲዘገይ፣ ጀልባዋ እንደ እንዝርት እዚያው ትሽከረከር ጀመር።

«አንተ ዘውር እንጂ!»

«አንቺ ቀስ በይ እንጂ! የምታሳድጂው ሰው አለ?»

ውሃ ደግሞ ወሬ አይደብቅም፤ ዳር ቆሜ ሁሉንም እሰማለሁ። ብዙ ከዞሩ በኋላ አክስቴ መዘወሯን ተወች። ጀልባዋ ቆመች።

«ምሳ ላይ ያልኩህ...» አለች፣ እንዲህ ባለ ቀጭን ድምፅ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም፤ «ሰው ደስ ሲለኝ እንከን ነው የምፈልግበት። እንከን ካላገኘሁ ምን ብዬ እሸሻለሁ?»

«እኔ ላይ ምን አገኘሽ?»

«ከጠዋት ጀምሮ እየፈለግኩ ነው» አለች። «ደከመኝ።»

እሱም እግሩን ከመዘወሪያው አነሳ። እሷ ግን አላየችውም፤ ውሃውን ነበር የምታየው። ቀጥሎ ምን ሊባል እንደነበር አላውቅም፤ የሹፌራችን ጥሩምባ ሐይቁን አናወጠው። አሥራ አንድ ሰዓት!

እንዴት እንደወጡ፣ እንዴት እንደሮጥን እኔንጃ። አንዱን ጫማዬን ጭቃው ቀማኝ። ሹፌሩ ሁለታችንን እንደ ከረጢት ወደ ውስጥ ገፍቶ አውቶቡሱን አንቀሳቀሰ። ሰውዬው ስልኩን ይዞ ከጎናችን ይሮጣል። አክስቴ፣ ሰው ፊት መሳቅ እንኳ የምታፍረው አክስቴ፣ መስኮቱን በርግዳ ቁጥሯን ትጮህለት ጀመር። ሞተሩ ስለሚያጓራ አይሰማውም። ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ተቀበሏት፤ ከዚያ አውቶቡሱ በሙሉ እንደ ክፍል ተማሪ አንድ ላይ ይጮህለታል።

«ዘጠኝ!»

«ዘጠኝ!»

«ሦስት!»

«ሦስት!»

ሁለት ቁጥር ሲቀር አክስቴ ዝም አለች።

«ጠፋኝ!» አለች ፀጉሯን ይዛ። «የራሴ ቁጥር ጠፋኝ! አንቺ ልጅ፣ ስንት ነው?»

አውቶቡሱ ውስጥ ቁጥሩን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሰውዬው መድከም ጀምሯል። እኔም ባዶ እግሬን አየሁት።

«ለሠርግሽ ጫማ ትገዢልኛለሽ?»

«አንቺ ሰይጣን! እገዛልሻለሁ!»

«ተረከዝ ያለው?»

«ያለው! ያለው!»

«ሰባ አራት!» ብዬ በመስኮቱ እስከ ወገቤ ወጣሁ።

«ሰባ አራት!» አለ አውቶቡሱ፤ ሹፌሩም ሳይቀር።

ጫማው ቀይ ነው። ትንሽ ይጠበኛል፤ ግን እስኪነጋ ጨፈርኩበት።