ባለ አሥር እግሯና ያልተነበበው ታሪክ

መካኒኩ ኢነክ ሳሎው ሐሙስ ጠዋት በብራንሎው የባቡር ጋራዥ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጠገናት ከባድ የጭነት ሎኮሞቲቭ ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። አናቱ ተፈርክሷል።

ኢንስፔክተር ፔል ሲደርስ እሳት አንዳጁ ዴኒ ሆብ ከቤቱ ተይዞ መጥቶ በካቴና ታስሯል። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከተፈረደበት ስቅላት ነው የሚጠብቀው። ያስያዘው ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ክሌግ ነው። ይህ ሰው ጥፍሩ ሥር ጥላሸት ገብቶ አያውቅም፤ ግን እንደዚህችው አሥር መንኮራኩር ስላላቸው ባለ አሥር እግር የሚባሉትን ሎኮሞቲቮች ታሪክ በስሙ ሊያሳትም ደረቱን ነፍቷል።

«ያዩትን ይንገሩኝ» አለ ፔል።

«ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይህ ዱርዬ እዚችው ላይ ሆኖ አካፋውን ምድጃው ውስጥ ዘርግቶ እንቁላል ይጠብሳል። ልማዳቸው ነው። ኢነክ ተቆጣው፤ በዚያው አካፋ አናቱን አለው።»

«ሲንቸሰቸስ ሰሙት?»

«ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ ነው።»

«እኔ ተኝቼ ነበር» አለ ዴኒ። ምስክሩ ትራሱ ብቻ ነው።

ፔል ከሟቹ ኮሌታ ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር አንስቶ ኪሱ ከተተ። ምድጃውን በእጁ ዳሰሰ። ከዚያ የክሌግን ቢሮ አይቶ፣ አንድ ጥራዝ ብብቱ ሥር ይዞ ተመለሰና ሁሉንም ሎኮሞቲቯ አጠገብ ሰበሰበ። እስከ ጥርሱ የጠቆረው ቦይለር አጣቢ ኦስበርት ጊልም መጣ።

«ጊል፣ አንድ ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ምድጃዋ ውስጥ፤ ስፍቅ። ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት።»

«ምን ሰማህ?»

«ጠብ የለ፣ ጩኸት የለ። ብቻ አንድ ከባድ ነገር ጉድጓዱ ውስጥ ዱብ አለ። ጆንያ መስሎኝ።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ? እንቁላሉን ግን አናቴ ላይ ጠብሰውት ከሆነ አልተሰማኝም።»

ክሌግ ፊቱ አመድ መሰለ። ፔል ኪሱ የከተታትን ትንሽ የነሐስ መንኮራኩር አወጣ።

«ጠረጴዛዎ ላይ ያለችው የነሐስ ሎኮሞቲቭ ዘጠኝ መንኮራኩር ብቻ ነው ያላት። አሥረኛዋ ኢነክ ኮሌታ ውስጥ ነበረች። የመታኸው ቢሮህ ውስጥ፣ በእሷ ነው።» አንቱታው እዚህ ላይ አበቃ። «በዚህ ጥራዝ ውስጥ ስምህ ያለው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ የኢነክ የእጅ ጽሑፍ ነው። መጽሐፌን መልስ ሲልህ ገደልከውና እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ጣልከው። ከዚያ ባልዋልክበት ኩበት ለቀማ ወጣህ።»

ጥራዙን ገለጠ። «ገጽ ሦስት። ‹ባለ አሥር እግሯ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ትታጠባለች። ያን ቀን ምድጃዋ ውስጥ ሰው ይገባል እንጂ እሳት አይነድም።›»

ካቴናውን ከዴኒ እጅ ፈቶ ክሌግ እጅ ላይ አጠለቀው።

«እስኪሰቅሉህ ጊዜ አለህ» አለው። «አንብበው። ጥሩ መጽሐፍ ነው።»