ከደጀ ሰላም የተወሰደው ዊልቸር

ዊልቸሩ የጠፋው ቅዳሴ ላይ ነው።

ማርያማዊት እንደ ወትሮዋ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ፣ ከጥዱ ሥር አቁማው ነበር የገባችው። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈው እስከ ሴቶች መቆሚያ አደረሷት። ቅዳሴው አልቆ፣ ጠበሏን ጠጥታ፣ በእነዚያው ሴቶች ትከሻ ተንጠልጥላ ስትወጣ ከጥዱ ሥር ምንም የለም።

መጀመሪያ ሳቀች። «ልጆች እየተጫወቱበት ይሆናል» አለች።

ልጆች አልነበሩም። ሕዝቡ ግቢውን ዞረ፤ ከአጥሩ ጀርባ ያለውን ገደል ሳይቀር ቁልቁል አየ። የለም። ያኔ ማርያማዊት «ድንጋዩ ላይ አስቀምጡኝ» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

ሳጅን ንጋቷ ስትደርስ ያገኘቻት እንዲሁ እንደተሸፈነች ነው።

ንጋቷ አንኮበር ላይ መርማሪ ከሆነች ወዲህ የበግ ሌባ ይዛለች፤ ድንበር ገፍቶ ሰው የፈነከተም ይዛለች። የሰው እግር የሰረቀ ግን ገጥሟት አያውቅም። ከእግር ሌላ ምን ይባላል? ማርያማዊት ልብስ ሰፊ ናት። በልጅነቷ ፖሊዮ እግሮቿን ከያዛት ጀምሮ እስከ አምና ድረስ የትም የምትሄደው በሰው ጀርባ ነበር። ዊልቸሩ ከመጣ በኋላ ነው ገበያው ዳር ሱቅ ተከራይታ፣ በገዛ እጇ እያሽከረከረች ወጥታ መግባት የጀመረችው።

«ማን የሚነካው ይመስልሻል?» አለቻት ንጋቷ ጎንበስ ብላ።

«ማንም አይነካውም። የማያውቀው ሰው ከቦታው አያነቃንቀውም። ፍሬኑ ከሥር ወደ ላይ ካልመቱት አይለቅም፤ መጎተት ነው ያለው።»

ንጋቷ ጭቃውን አየች። ጎማው አልተጎተተም። ተንከባሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ እስከ መኪና መንገዱ ሄዷል። ዱካው እዚያ ላይ ይጠፋል።

የወሰደው ሰው ዊልቸሩን ያውቀዋል። መኪናም ይዞ መጥቷል።

ደጀ ሰላሙን የሚጠብቁት አባ ገብረአብ በትራቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል።

«አባ፣ ሌባ ሲወጣ አይተዋል?»

«ሌባ? ሌባ ባይማ ዝም እላለሁ? በዚህ በትር ነበር ወገቡን የምለው!»

«አላዩም?»

«ሌባ አላየሁም፣ ልጄ።»

እስከ ማታ ድረስ የከተማው ሰው ሁሉ መርማሪ ሆነ። ግማሹ «ብረታ ብረት የሚሰበስበው ቁራሌው ነው» አለ። ቁራሌው ተጠራ፤ መኪና ቀርቶ አህያም የለው፣ ጆንያውን ዘርግፎ አሳየ። ሌላው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ስም ጠራ። ምስጋና።

ምስጋና የማርያማዊት ወንድም ነው፤ በአባት ይገናኛሉ። በአባታቸው ቤት ውርስ ተጣልተው ከተኮራረፉ ሰንብተዋል። የእህል አይሱዙ ይነዳል። ያ ብቻ አይደለም። ዊልቸሩ የመጣ ሰሞን፣ ገና ሳይጣሉ፣ የማርያማዊት ቀኝ እግር ከግራው ስለሚያጥር የቀኙን እግር ማሳረፊያ ብየዳ ቤት ወስዶ ከፍ ያስደረገላት እሱ ነው። ፍሬኑን ያውቀዋል። መኪና አለው። ቂምም አለው።

«እሑድ ጠዋት የት ነበርክ?» አለችው ንጋቷ ጣቢያ አስጠርታ።

«ጫጫ። ስንዴ ስጭን።»

«ማን አየህ?»

«ባለ ስንዴው።»

«ከእህትህ ጋር ምን አጣላችሁ?»

«ቤት ነው ያጣላን።» ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «ቤት ብከራከር እግር እሰርቃለሁ? እንዲህ ያለውን ነውር የት አይታችሁብኝ ነው?»

ጣቢያ አደረ። በማግስቱ ባለ ስንዴው በስልክ መሰከረ፤ አይሱዙውን ጫጫ ላይ ያዩ ሌሎችም ተገኙ። ንጋቷ ለቀቀችው። ይቅርታ ልትለው አፏን ስትከፍት አልሰማትም፤ ጥሏት ወጣ።

ቤቱ አልሄደም። እህቱ ደጃፍ ሄዶ ቁጢጥ አለና ጀርባውን ሰጣት።

«ነይ። ሱቅሽ ላድርስሽ።»

«በጀርባህ?»

«በምን ላድርስሽ ታዲያ?»

ጀርባው ላይ ወጣች። ሳይነጋገሩ፣ ገበያተኛው እያያቸው፣ ዳገቱን ወጡ። ማርያማዊት ጭንቅላቷን ከትከሻው ጀርባ ደብቃለች። ንጋቷ ከጣቢያው በር ላይ ሆና አየቻቸውና ደሟ ፈላ። ማንም ይሁን ማን፣ ይቺን ሴት ከሱቅ ባለቤትነት መልሶ ሸክም አድርጓታል።

የዊልቸሩን ዓይነትና ምልክት ለማጣራት ደብረ ብርሃን ሄደች። ዊልቸሩን የሰጣት «አለሁ ባይ» የተባለ የአገልግሎት ክበብ ነው። ሲቋቋም አስተማሪዎች፣ ነርሶችና ነጋዴዎች ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰባሰቡ የአቅመ ደካማ ጣራ ይከድኑ፣ አልጋ ላይ የቀረ ሰው ያጥቡ፣ ሐኪም ቤት ያደርሱ ነበር። አሁን የቢሮው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ፎቶግራፍ ነው። በሁሉም ፎቶ ላይ፣ መሃል ላይ፣ አንድ ሰው ቆሟል፤ ፕሬዝዳንቱ አቶ ወልደተንሣኤ።

«ያሳዝናል፣ ሳጅን! እጅግ ያሳዝናል!» አሉ ወንበር እየሳቡላት። «ሕዝባችን ገና ነው። ሰጥተነውም መጠበቅ አይችልበትም።»

«ከደጀ ሰላም ነው የተሰረቀባት። ምን ብላ ትጠብቀው?»

«አይ፣ እሷን ማለቴ አይደለም።» ፈገግ አሉ። «ቅዳሜ ትልቅ ዝግጅት አለን። ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ፤ አዳዲስ ዊልቸሮች እናስረክባለን። እርስዎም ይገኙልን።»

«አንዱን ለእሷ ትሰጧታላችሁ?»

«የቅዳሜዎቹ ባለቤት አላቸው። በሚቀጥለው ዙር እናስብላታለን።»

«የሚቀጥለው ዙር መቼ ነው?»

«እሱ ፈቃዱ ሲሆን» አሉና ጣሪያውን አዩ።

ንጋቷ ከግቢው ልትወጣ ስትል አንዲት ሴት ጋቢዋን እየሰበሰበች ደረሰችባት። ሠናይት ትባላለች፤ ነርስ ናት፣ የክበቡም ጸሐፊ። ማርያማዊትን ለክታ ዊልቸሩን ያስመረጠችላት እሷ ነበረች።

«የማርያማዊት ጠፋ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

ሠናይት ወደ ቢሮው ዞር ብላ አየች። «ከደነባ አንዲት እናት ደውለውልኝ ነበር። ‹የልጄ ዊልቸር ጥገናው አላለቀም ወይ?› አሉኝ። ከጫጫም አንድ ሰውዬ እንደዚሁ። ሳጅን፣ እኛ ዘንድ ጥገና የሚባል ነገር የለም።»

«ለፕሬዝዳንቱ ነግረሻቸዋል?»

«‹ተይው፣ እኔ አውቃለሁ› አሉኝ።»

«ሰዎቹስ? ለፖሊስ ለምን አላመለከቱም?»

«እኔም ይህንኑ ጠየቅኋቸው። ‹የሰጠን ሰው መልሶ ቢወስድ ለማን አቤት ይባላል?› አሉኝ።»

ንጋቷ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣ ይህን ቃል እስከ አንኮበር ድረስ አመነዠከችው። የተሰረቁ ሰዎች ናቸው። እንደ ተሰረቁ ግን አያውቁም። የተሰጣቸው ነገር የገዛ ራሳቸው መሆኑን የነገራቸው የለም።

ከመኪና እንደ ወረደች ቀጥታ ወደ ደጀ ሰላሙ ሄደች።

«አባ፣ እሑድ ቅዳሴ ላይ ከጥዱ ሥር ማንን አዩ?»

«ማንን አያለሁ? የሰጧትን ልጆች ነዋ!» አሉ አባ ገብረአብ። «ያንን ሰማያዊ ካናቴራ የለበሱትን። ፍሬኑን መታ አርገው ለቀቁና እየገፉ ወሰዱት። ‹ለጥገና ነው፣ አባ› ሲሉኝ መርቄ ሸኘኋቸው።»

«ያን ቀን ለምን አልነገሩኝም?»

«ሌባ አይተዋል ወይ ነው ያልሽኝ። እነሱ ጠግነው ከመለሱት በኋላ የጠፋ መስሎኝ ነው። ሌባ አላየሁም።» ንግግራቸው ሳያልቅ ፊታቸው ተለዋወጠ። በትሩ ከእጃቸው ወደቀ። «እነሱ ናቸው? መርቄያቸዋለሁ እኮ፣ ልጄ! ሲሰርቁ መርቄያቸዋለሁ!»

ቅዳሜ ደብረ ብርሃን፣ የዝግጅቱ አዳራሽ ጢም ብሏል። የአለሁ ባይ አባላት ሰማያዊ ካናቴራቸውን ለብሰው ግድግዳውን ተደግፈዋል። መድረኩ ላይ ሰማያዊ ዊልቸሮች ተደርድረው፣ ተረካቢዎቹ ተቀምጠውባቸዋል። አቶ ወልደተንሣኤ ድምፅ ማጉያውን ጨብጠው ስለ ፍቅር ይናገራሉ። ካሜራዎች ብልጭ ብልጭ ይላሉ።

ንጋቷ ከኋላ ቆማ አንድ በአንድ አየቻቸው። ጫፍ ላይ ከለሚ የመጡ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ወልደሩፋኤል ይባላሉ፤ ግንበኛ ነበሩ፣ ከመወጣጫ ወድቀው ወገባቸው እምቢ ያላቸው። ግራ እግራቸው ተዘርግቷል። ቀኝ ጉልበታቸው ግን ሽቅብ ቆሟል። የነጭ ጋቢያቸው ጠርዝ ሰማያዊ ሆኗል።

ሕዝቡን መሃል ለመሃል ሰንጥቃ መድረኩ ላይ ወጣች። ጭብጨባው ቀስ በቀስ ሞተ።

«አባቴ፣ ቀኝ እግርዎን ያመዎታል?»

«ኧረ እግሬስ አልተነካም። ወንበሩ ነው ጉልበቴን ሽቅብ የሚገፋኝ። እንዳልናገር ደግሞ የተሰጠ ነገር ነው፤ ነውር ይሆንብኛል።»

ቁልፏን አውጥታ ሰማያዊውን ጫር አደረገችው። ሥሩ እንደ ማርያማዊት ዊልቸር ጥቁር ነው። ቀለሙ ገና በደንብ አልደረቀም።

«ሳጅን!» አሉ አቶ ወልደተንሣኤ፤ ድምፃቸው በማጉያው አዳራሹን አስተጋባ። «እንግዶች አሉ። ይህ ቦታው አይደለም!»

«ቦታውማ ደጀ ሰላም ነበር» አለች ንጋቷ። ወደ በሩ ዞረች። «ምስጋና! ግባ!»

ምስጋና እህቱን አዝሎ ገባ። ሰው ሁሉ ዞረ። ማርያማዊት ይህን ጊዜ ጭንቅላቷን አልደበቀችም። ከወንድሟ ትከሻ በላይ ቀና ብላ መድረኩን አየች፤ ዓይኗ ጫፉ ላይ ቆመ።

«ያ የእኔ ነው» አለች። «ፍሬኑን ከሥር ወደ ላይ ምቱት። ካልለቀቀ እኔ ውሸታም ልሁን።»

ንጋቷ መታችው። ቀጭ ብሎ ለቀቀ።

ሽማግሌው አንዴ ማርያማዊትን፣ አንዴ የተቀመጡበትን አዩ። ገባቸው። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጮኹ።

«አውርዱኝ! ኧረ እባካችሁ አውርዱኝ! እኔ የሰው እግር ላይ ቁጭ ብዬ ነው የሚጨበጨብልኝ? መሬቱ ይሻለኛል!»

መጀመሪያ የደረሰችላቸው ሠናይት ናት። አቅፋ አወረደቻቸውና ካናቴራዋን ከላይዋ መንጭቃ በሹራቧ ቀረች። ሌሎቹም አባላት አንድ በአንድ አወለቁ። ብዙዎቹ ያለቅሱ ነበር። እነሱ ቅዳሜያቸውን የሰጡት ለዚህ አልነበረም።

የክበቡ ሾፌር ፍቃዱ በጓሮ በር ሊሾልክ ሲል ተያዘ። ገና ሳይጠየቅ ተናገረ። «እሳቸው ናቸው ያዘዙኝ! ከየቤቱ ለጥገና ነው እያልን ሰበሰብን። የእሷን ቤት ሄደን ስናጣት ቤተ ክርስቲያን ናት አሉን። ቀለሙንም ያስቀቡት እሳቸው ናቸው።»

አቶ ወልደተንሣኤ ጣቢያ ሲቀመጡም አንገታቸውን አልደፉም።

«አልሰረቅሁም። ተዋስኩ። ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ወደብ ላይ ተያዘብን። እንግዶቹ ተጠርተዋል። የዞኑን ክበቦች የሚመራው ሰው በዚያ ቀን ነበር የሚመረጠው። ባዶ መድረክ ላይ ልቁም? ዕቃው ሲመጣ ለሁሉም እመልስ ነበር።»

«ማንን አስፈቅደው ተዋሱ?»

«ምን ማንን ያስፈልጋል? እኛው አይደለንም እንዴ የሰጠናቸው!»

ንጋቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንቱ ትላቸው ነበር።

«ስማ» አለችው። «የሰጠኸው ነገር ከሰጠኸው ቀን ጀምሮ ያንተ አይደለም። ይቺ ሴት በሰው ጀርባ ገበያ ስትወጣ አይቻታለሁ። ወንድሟ በሐሰት ተጠርጥሮ ጣቢያ አድሯል፤ ያሳደርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ያ ሁሉ አንተ ፎቶ እንድትነሣ ነው?»

ያኔ ነው አንገቱን የደፋው።

አባላቱ ዊልቸሮቹን በዚያው ሳምንት ደነባም ጫጫም አንኮበርም ወስደው ለየባለቤታቸው መለሱ። ጋሽ ወልደሩፋኤል ግን እንደ መጡ፣ በሰው ሸክም፣ ወደ ለሚ ተመለሱ። ሠናይት እስከ ቤታቸው ድረስ ሸኘቻቸው።

ወልደተንሣኤ በዋስ እንደ ወጣ ሽማግሌ ላከ። ንጋቷ የማርያማዊትን ቃል ልታስፈርም ሱቋ በሄደችበት ቀን ሽማግሌዎቹ ደጃፉን ሞልተው አገኘቻቸው።

«ልጃችን፣ ሰው ይሳሳታል» አሉ ከመካከላቸው በዕድሜ የሚያንሱት ቄስ። «ለብዙ ድሃ የደረሰ ሰው ነው። ክሱን አንሺለት። ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በዪው።»

ማርያማዊት የምትሰፋውን ቀሚስ ከመርፌው ሥር አወጣች። «እሱ የት አለ?»

«ታች መኪና ውስጥ ነው። አፍሮ ነው።»

«ይምጣ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ ወረደ። ወልደተንሣኤ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ገበያተኛው እያየው፣ ዳገቱን በእግሩ ወጣ። ሲደርስ ትንፋሹ ተቆራርጧል። ጎንበስ ብሎ «ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ።

ማርያማዊት ፍሬኑን መታች፤ ከመደርደሪያዋ ጀርባ እያሽከረከረች ወጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው። «ከልቤ ነው። ቂም አልይዝብህም።»

ሽማግሌዎቹ «ተመስገን!» ብለው እጃቸውን ሲያነሡ እሷ ወደ ንጋቷ ዞራ እጇን ዘረጋች።

«ሳጅን፣ ወረቀቱን አምጪው። ክሱ ላይ ልፈርም።»