የቬን ጨርቅ

ዲየም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው በፉኩዎክ ደሴት፣ ከጀልባዎቹ ማረፊያ አጠገብ ነው። አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነው። እናቷ የዓሣ ስጎ በትልልቅ በርሜል በሚጠመቅበት ቤት ትሠራለች።

ዲየም ቡችላ ትፈልግ ነበር። ጧት ማታ እናቷን ስትጨቀጭቅ ከረመች። በመጨረሻ እናቷ እሺ አለችና ወደ እማማ ታም ወሰደቻት። እማማ ታም የታወቁ ውሻ አርቢ ናቸው። የእኛ ደሴት ውሻ መቼም ስትወልድ ራሷ ጉድጓድ ቆፍራ ነው። ዲየም ከጉድጓዱ አፍ ተንበርክካ አየችና ዝንጉርጉሩን ቡችላ መረጠች። ስሙንም ቬን አለችው።

እማማ ታም ቡችላውን ብቻ አልሰጧትም። እጃቸውን ወደ ጉድጓዱ ሰደዱና ጭቃ የጠገበ አሮጌ ጨርቅ አወጡ።

"ይኸውልሽ ልጄ፣ ከእናቱ ጋር የተኛበት ነው። እንዳታጥቢው፣ እንዳትጥዪው። የእናቱ ሽታ አጠገቡ ካለ ቤቱን ቶሎ ይለምዳል።"

"እሺ እማማ፣ አልጥለውም።"

ልጆች፣ ይህ ቃል ኪዳን ነው። ልብ በሉልኝ።

ቬን በመጀመሪያው ሌሊት አፍንጫውን ጨርቁ ውስጥ ቀብሮ ተኛ። ጧት ሩዙን ጥርግ አድርጎ በላ። ዲየምም ደስ አላት።

ቅዳሜ ዕለት ግን በቤተ ክርስቲያን አብረዋት የሚዘምሩ ጓደኞቿ ቡችላውን ሊያዩ መጡ። ኦዋን የምትባለው ገና ከበሩ አፍንጫዋን ያዘች።

"ውይ! ምንድን ነው የሚሸተው? አይጥ ሞቶባችሁ ነው እንዴ?"

"የውሻው ጨርቅ ነው" አለች ዲየም።

"የውሻው ነው ወይስ ያንቺ?"

ሁሉም ሳቁ። እስቲ ታዘቧቸው! በዓሣ ስጎ በርሜል መካከል ያደጉ ልጆች ናቸው ሽታ የሚጠየፉት። ዲየም ግን በኀፍረት የምትገባበት ጠፋት። ልጆቹ እንደሄዱ ጨርቁን በጣቷ ጫፍ ይዛ ወጣች። ወደ ባሕሩም ወረወረችው። ቬን ከኋላዋ ቆሞ ያይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቬን ምግብ አልቀምስ አለ። የቤቱን ጥግ ሁሉ እያሸተተ አለቀሰ። ቆይቶም ማልቀሱን ተወው፤ ይህ ደግሞ የባሰ ነበር። የጎድን አጥንቱ ወጣ። እናቷ ደንግጣ ወደ እማማ ታም ላከች። እማማ ታም የዓሣ ገንፎ በሳህን ይዘው ወዲያው ደረሱ።

ቬንን አቀፉት። ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም።

"ጨርቁስ? ይተኛበታል?" ብለው ጠየቁ።

ዲየምም መለሰች። "አዎ እማማ። ሁልጊዜ ይተኛበታል።"

እማማ ታም አሳዩኝ አላሉም። አመኗት። ፊታቸው ግን ጠቆረ።

"እንግዲያው ናፍቆት አይደለም፣ በሽታ ነው። ከእኔ ጉድጓድ ይዞት መጥቷል ማለት ነው። ጉድጓድ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ትንንሾች ገና ጡት አልጣሉም፤ ቢሆንም በሽታው እንዳይጋባባቸው ዛሬውኑ ከእናታቸው ልለያቸው ግድ ነው። ጉድጓዱንም በኖራ እደፍነዋለሁ።"

"ያለ ጡት ይኖራሉ?" አለች እናቷ።

"እንጃ ልጄ። እግዜር ያውቃል።"

ገንፎውን ትተው ሄዱ። ሲሄዱ ጀርባቸው ጎብጦ ነበር።

አመሻሽ ላይ እናትና ልጅ እንደ ወትሮው ለጸሎት ተንበረከኩ። "በደላችንን ይቅር በለን" የሚለው ላይ ሲደርሱ የዲየም ድምፅ ጠፋ።

"ምነው?" አለች እናቷ።

"እማ፣ ጨርቁን እኔ ነኝ ባሕር የጣልኩት።"

እናቷ አልተቆጣችም። ጊዜ አልነበራትም። "ተነሺ! ውሻውን ያዢ!" አለችና ሞተር ብስክሌቷን አስነሣች።

ሲደርሱ ሁለቱ ቡችላዎች ቅርጫት ውስጥ ሆነው ይንጫጫሉ። እናታቸው ታስራ ገመዷን ትጎትታለች። እማማ ታም የኖራውን ከረጢት ሊፈቱ ጎንበስ ብለዋል።

"እማማ፣ ይቁሙ!" ብላ ጮኸች ዲየም። "ዋሽቼዎታለሁ! ጨርቁ የለም። አፍሬበት ባሕር ጣልኩት። ይቅር ይበሉኝ!"

እማማ ታም ከረጢቱ ላይ ቁጭ አሉ። ዓይናቸው በእንባ ሞላ።

"እኔ እኮ በገዛ ጉድጓዴ አሳምሜ የሸጥኩልሽ መስሎኝ፣ መንገዱን ሁሉ ራሴን ስረግም መጣሁ" አሉ። ዲየምን ከስድብም ከዱላም ይልቅ ይህ አመማት፤ አለቀሰች።

ከዚያ እማማ ታም እናቲቱን ውሻ ፈቷት። ቡችላዎቹን ሁሉ፣ ቬንንም ጭምር ወደ ጉድጓዱ መለሷቸው። ከውስጥ የመጥባት ድምፅ ተሰማ። ዲየም ጎንበስ ብላ ብታይ ቬን ነበር።

"ይዤው ልሂድ?" አለች ዲየም ቀስ ብላ።

"አይሆንም። ይቅር ብዬሻለሁ፤ እሱ ግን ገና ነው። ነገ የምትወጂውን ልብስ አምጪና ጉድጓዱ ውስጥ እናንጥፍለት። የእናቱም ያንቺም ሽታ ያለበት ጨርቅ ያስፈልገዋል።"

ዲየም ለገና የተገዛላትን ቢጫ ሸሚዝ አመጣች። ውሾቹ ተኙበት፤ ተንከባለሉበት፤ ቢጫነቱም ጠፋ። በየቀኑ ከትምህርት ቤት እየመጣች ከጉድጓዱ አፍ ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ቬን ራሱ ወጥቶ ጭኗ ላይ ተኛ። እማማ ታም ያን ጊዜ "አሁን ውሰጂው" አሉ።

ኦዋን ሌላ ቅዳሜ መጣችና አፍንጫዋን ያዘች። "ደግሞ ምንድን ነው ይሄ የሚሸተው?"

"የኔ ሸሚዝ ነው" አለች ዲየም። ቬን በላዩ ተኝቶ ያንኮራፋ ነበር።

ልጆቼ፣ ሊረዳችሁ የመጣን ሰው ብትዋሹት ውሸቱ ንጹሓንን ጭምር ይጎዳልና፣ ብታፍሩም እንኳ እውነቱን ተናገሩ።