ጣት የሌለበት መቆንጠጫ

የምነግራችሁ በእኔው ላይ የደረሰ ነው። ላለማመን መብታችሁ ነው... እኔም ለመከራከር አቅሙ የለኝም። ደክሞኛል።

ነሐሴ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ቦታው ከአንጋጫ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ።

ዝናቡ አባርቶ ጉም ወርዷል። በቀን መብራት አብርተናል።

ሮዳስ እባላለሁ። የባዮሜዲካል ኢንጂነር ነኝ። ሆሳዕና ውስጥ በተከራየናት አንዲት ክፍል ከጓደኛዬ ከነህምያ ጋር የሕክምና ዕቃ እንሠራለን። ኢንተርኔት ላይ በነፃ የተለቀቀ ዲዛይን እናወርዳለን፣ ለእኛ አገር እንዲስማማ እናስተካክለዋለን፣ አካሉን በስሪዲ ፕሪንተር እናትማለን። መብራት ሲሄድ ግማሽ የታተመው ይበላሻል። እንደገና እንጀምራለን። እንደገና ይሄዳል።

በዚያ ክረምት የሠራነው ኦክሲሜትር ነው። እንደ ልብስ መቆንጠጫ ጣት ላይ ይያዛል፤ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይለካል። ጤነኛ ሰው ከዘጠና አምስት አይወርድም። ከወረደ... እየታፈነ ነው ማለት ነው።

የጤና ጣቢያው ነርስ ሲስተር ጣቢታ የእሳቸው መሣሪያ ከተበላሸባቸው ቆይቷል።

"የሕፃናቱን ከንፈር እያየሁ ነው የምገምተው" ብለውን ነበር።

እንዲያ ደክሞን የሄድነው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ በእኔ ጣት ሞከርነው። ዘጠና ሰባት። ነህምያ ፈገግ አለ። ፈገግታውን ካየሁ ስንት ጊዜዬ!

ጣቴን አወጣሁ።

ቁጥሩ አልጠፋም...

ዘጠና አንድ። ሰማንያ ስምንት።

"ምንድነው?" አልኩ በሹክሹክታ።

"ብርሃን ገብቶበት ነው።" ነህምያ በጃኬቱ ሸፈነው።

ሰማንያ አራት...

"ባትሪውን አውጣው።"

አወጣው። ጠፋ። መልሶ ከተተው።

ሰማንያ አንድ...

ሴንሰር ሲሳሳት ቁጥሩ ይዘላል። ይሄ አይዘልም። ቀስ እያለ ይወርዳል... ልክ እንደ ሰው።

ሲስተር ጣቢታ ጎንበስ ብለው አዩት።

"ልጆቼ... ይሄ የታመመ ሰው ነው።"

"ሲስተር፣ ማንም የለበትም እኮ!"

ቁጥሩ ሰባ ስድስት ደረሰ። በሩ በኃይል ተከፈተ።

አንዲት እናት ናት። ልብሷ በዝናብ ርሷል፤ ሕፃን ታቅፋለች። በከምባትኛ አንድ ነገር ተናገረች። ከዚያ በአማርኛ...

"ልጄ... ትንፋሹ... እርዱኝ!"

የሕፃኑ ከንፈር ጠቁሯል። ደረቱ ይሰረጉዳል። አልጋው ላይ አስተኛነውና መቆንጠጫውን ትንሿ ጣቱ ላይ አደረግሁት።

ሰባ ስድስት።

በሩ ሲከፈት ስክሪኑ ላይ የነበረው ቁጥር ነው። አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

ለመፍራት ጊዜ አልነበረም። ሲስተር ኦክስጅኑን ከፍተው ቱቦውን አፍንጫው ላይ አደረጉለት። ጠበቅን። ሰማንያ... ሰማንያ አምስት... ዘጠና ሦስት።

ሕፃኑ አለቀሰ።

እናቱ ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። እኔም አለቀስኩ። የክረምቱ ድካም ሁሉ በዚያ ለቅሶ የወጣልኝ መሰለኝ።

አምቡላንስ መጥቶ እናትና ልጅን ወደ ሆስፒታል ወሰዳቸው። ዕቃችንን ስንሰበስብ ግማሽ ሰዓት አለፈ። መቆንጠጫው ባዶው አልጋ ላይ ቀርቷል።

"ሮዳስ..." አለ ነህምያ።

"ምን?"

"እያነበበ ነው።"

ዘጠና። ሰማንያ ስድስት...

"ሌላ በሽተኛ እየመጣ ነው" አሉ ሲስተር። ቱቦውን ቀይረው አዘጋጁ። እኔ በሩን ከፍቼ ወደ መንገዱ አየሁ።

ጉም ብቻ።

ሰባ። ስልሳ ሁለት...

ነህምያ የስልኩን ድምፅ ከፍቶ ለአምቡላንሱ ሹፌር ደወለ።

"ሕፃኑስ?"

"ደርሰናል። ደህና ነው፣ ጡት እየጠባ ነው።"

እሱ አይደለም።

እርስ በርስ ተያየን። ሦስታችንም እንተነፍሳለን።

ሃምሳ... አርባ...

"ማነው?" አልኩ። ማንን እንደጠየቅሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ነህምያ ባትሪውን ሊነቅል እጁን ዘረጋ። ሲስተር ጣቢታ ያዙት።

"ተው" አሉት ዝግ ብለው። "ብቻውን አይሂድ።"

ቆምን። ሌላ ምን እናደርጋለን? ማስታገሻ የለን፣ የምንይዘው እጅ የለን። አልጋውን ከበን ቆምን።

ዜሮ።

ሲስተር ጣቢታ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ እንደሚያደርጉት። ከዚያ ነጩን አንሶላ ከግርጌ አንስተው እስከ ራስጌ ሳቡትና ለቀቁት።

አንሶላው ወረደ...

ፍራሹ ላይ ግን አልደረሰም።